ከሰቲት አዳኞች እስከ ሪያድ ሳሎን፦ ከአያት የተረፈ የአደን ቢላ ታሪክና አያያዝ

ካርቱም ውስጥ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተምሥራቅ ባለው ሪያድ ሰፈር ብዙ ወገኖቻችን ኖረዋል፣ ነግደዋል፣ ልጅ ድረዋል። ከእነዚያ ቤቶች በአንዳንዶቹ፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከቅዱሳን ሥዕል ወይም ከቁርዓን ጽሑፍ ዝቅ ብሎ፣ በቆዳ አፎት የተከተተ አሮጌ ቢላ ተሰቅሎ ይታይ ነበር። እንግዳ «ይህስ ምንድን ነው?» ቢል መልሱ አጭር ነው፤ «የአያቴ ነው። አዳኝ ነበሩ።» ከዚያ ወሬው ወደ ምንዛሪና ወደ ገላባት መንገድ ይመለሳል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር የፋሲካ ዋዜማ ነበር፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም የረመዳንን የመጨረሻ ቀናት እየጾሙ ነበር። ሪያድ ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ ተኩሱ ወዲያው ደረሰው። ከቤቱ የወጣ ሰው የልጁን እጅና የሰነድ ቦርሳውን ይዞ ነው የወጣው። ቢላ ደግሞ ኬላ ላይ ሲገኝ ለምን እንደተያዘ ማስረዳት የሚያስቸግር ነገር ነው፤ ስለዚህ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ የቀረ፣ ከቤት ዕቃው ጋር አብሮ የተዘረፈ አለ። በልብስ ጥቅልል ወይም በማሽላ ጆንያ ተሸጉጦ የወጣም አለ። እነዚህ ዛሬ በገዳሪፍ፣ በመተማ፣ በጎንደር፣ በአዲስ አበባና በካይሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ይገኛሉ፤ ዝገው፣ አፎታቸው ተሰነጣጥቆ፣ እጀታቸው ላልቶ።

ባለቤቶቹ የሚጠይቁት አንድ ዓይነት ነው፤ «ቢላ ሞራጅ ጋ ወስጄ እንደ አዲስ ላስወልውለው?» የኔ መልስ «ተው» ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ግን ቢላው ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ታሪኩ የራሳችን የንግድ መንገድ ታሪክ ነው። (ከዚህ ወዲያ ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ቋንጃ ቆራጮቹ

ከጎንደር ወደ ስናር የሚወርደው የድሮ መንገድ የሚያልፍበት ቆላ፣ ማለትም ከታችኛው ተከዜ፣ ሱዳኖች ሰቲት ከሚሉት ወንዝ፣ እስከ አትባራና ዲንደር ያለው አገር፣ በአያት ቅድመ አያቶቻችን ዘመን የዝሆን፣ የአውራሪስ፣ የጎሽና የቀጭኔ አገር ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ በዚሁ መንገድ ወደ ስናር ሲወርድ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ክንፉ ቆላ ላይ ተቀብሎ የዝሆን አደን አሳየው። ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ አዳኞቹን «አጋጊር» ይላቸዋል። ስሙ የነገድ ሳይሆን የሙያ መጠሪያ እንደሆነና ቋንጃ ከመቁረጥ ጋር የተያያዘ መሆኑንም ይነግረናል። ለኔ ጆሮ ቃሉ ከእኛው «እግር» ጋር የሚዛመድ ይመስላል፤ ይህን ግን ለቋንቋ ሊቃውንት እተወዋለሁ።

አደኑ ሁለት ሰው በአንድ ፈረስ ላይ ተፈናጦ የሚያካሂደው ነው። ቁጥቋጦ እንዳይዛቸው ራቁታቸውን ናቸው። የፊተኛው መሣሪያ የለውም፤ ሥራው ልጓም መያዝና መፎከር ነው። ዝሆኑ ፊት ቆሞ የራሱንና የፈረሱን ስም ይጠራል፣ የዝሆኑን አባትና አያት የት የት እንደገደለ ይዘረዝራል። ቀረርቶና ፉከራ ሰምቶ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ዝሆኑ ተቆጥቶ ሲከተለው ከኋላ የተቀመጠው ሰይፉን ይዞ ይወርድና የተረከዙን ጅማት በአንድ ምት ይበጥሰዋል። ፈረሰኛው ዞሮ መጥቶ ያፈናጥጠዋል። ሰይፉ ቀጥ ያለ ነው፤ ከእጀታው ቀጥሎ ያለው የብረቱ ክፍል በገመድ ተጠቅልሎ ለእጅ እንዲመች ተደርጓል።

ከ90 ዓመት በኋላ፣ በ1861፣ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ከባለቤቱ ከፍሎረንስ ጋር ወደ አትባራና ሰቲት መጣ። እዚያ ያገኛቸው አዳኞች ሐምራን የሚባሉት ዓረቦች ነበሩ። በ1867 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው አደን ብሩስ ያየው ራሱ ነው ማለት ይቻላል፤ ስሙም «አጋጊር»፣ ሰይፉም በገመድ የተጠቀለለው ቀጥ ያለ ሰይፍ። ሃይማኖቱና ቋንቋው የተለያየ የጎንደር ቆላና የሰቲት ዳር ሰው አንድ ሙያ፣ አንድ መሣሪያ፣ አንድ የሙያ ስም ነበረው ማለት ነው። ድንበሩን ዛሬ በካርታ ላይ የምናየው መስመር ያኔ አልነበረም። አዳኙ የዝሆኑን ዱካ ተከትሎ ሲሄድ የማን አገር እንደገባ የሚነግረው ያገኘው ሰው ሰላምታ ነበር።

እስካሁን ያልኩት ስለ ሰይፍ ነው። ቢላውስ? የቢላው ሥራ የሚጀምረው አውሬው ከወደቀ በኋላ ነው፤ ሥራውም ከሰይፉ ያላነሰ ክብደት ነበረው። ጥቅሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሙስሊም ቢስሚላህ ተብሎ ያልታረደ ሥጋ አይበላም፤ ክርስቲያኑም በስመ አብ ተብሎ ያልተባረከ አይበላም። ስለዚህ አውሬው ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ ጉሮሮውን የሚቆርጠው እጅ ሥጋውን ማን እንደሚበላው ይወስናል። ቤከርም ሐምራኖቹ የወደቀ እንስሳ ሳይሞት ለማረድ ሲሽቀዳደሙ አይቶ ጽፏል። ሁለት ሃይማኖት በተቀላቀለበት ቆላ ሥጋውን ለክርስቲያንና ለሙስሊም የሚለየው የቢላው ሥራ ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ ቆዳው ይገፈፋል፤ የዝሆን ጅራት ለምስክር ይቆረጣል፤ ሥጋው ይተለተላል። ብሩስ አጋጊሮቹ ሥጋውን እንደ ልጓም ጠፍር በረጅሙ ተልትለው ያለ ጨው ዛፍ ላይ ሰቅለው እንደሚያደርቁትና ለክረምት ስንቅ እንደሚያኖሩት ይተርካል። ቋንጣ ነው፣ ሌላ ምን ይባላል! ቤታችሁ ያለው ቢላ ጫፉ ሹል፣ ሆዱ ደግሞ በመሳል ብዛት ወደ ውስጥ የጎደጎደ ከሆነ ያ ጉድጓድ የሥራ ዘመኑ ነው። የአንድ ሰው ዕድሜ ሙሉ ቆዳ ሲገፍና ቋንጣ ሲተለትል የተበላ ብረት ነው። ሞራጁ ቀጥ ሊያደርግላችሁ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ብረቱ ከዞሊንገን፣ ቀንዱ ከሰቲት

ነጋዴ የሆነ ሰው ዕቃ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከየት መጣ?» ነው። በዚህ ዓይን አንድ የድንበር ቢላ ብንፈታ ሦስት አራት አገር ይወጣዋል።

ከብረቱ እንጀምር። በሱዳን ቀጥ ባሉት ሰይፎች ላይ ያለው ጥሩ ብረት አብዛኛውን ጊዜ ከአውሮፓ፣ በተለይም ዞሊንገን ከምትባለው የጀርመን ከተማ፣ በግብፅና በቀይ ባሕር በኩል የገባ ነው። ላዩ ላይ የግማሽ ጨረቃ፣ የሚሮጥ ተኩላ ወይም የአንበሳ ማኅተም ይገኛል። የአገሩ ቀጥቃጮችም ገበያው ማኅተሙን እንደሚወድ ስላወቁ በራሳቸው ብረት ላይ ያንኑ ምልክት ይመቱ ነበር። ስለዚህ ጨረቃ ስላየን ብቻ ጀርመን ነው ማለት አንችልም። በሱቅ ሊቢያና በመርካቶ የዋለ ሰው በዚህ አይደነቅም።

ሰይፍ ሲሰበር አይጣልም፤ ተቆርጦ ቢላ ይሆናል። ቢላችሁ መሐል ለመሐል ቦይ ካለው፣ ቦዩም ወደ ጫፉ እየጠበበ ከማለቅ ይልቅ ድንገት ከተቋረጠ፣ ከሰይፍ የተወለደ መሆኑን ጠርጥሩ። በአድዋ ጊዜና በኋላም በአምስቱ ዓመት ወረራ ከተማረኩት የጣሊያን ሳንጃዎችም አጥረው የአደን ቢላ የሆኑ አሉ፤ ቁጥር ወይም የፋብሪካ ምልክት ከእጀታው ሥር ይገኛል። የኋለኞቹ ደግሞ ከመኪና ባሌስትራና ከአሮጌ ሞረድ የተቀጠቀጡ ናቸው። ከሞረድ የተሠራው ላይ የሞረዱ ጥርስ ምልክት ደብዝዞ ይታያል። ባሌስትራ ነው ብላችሁ አትናቁት። ሎሪ ቆላውን መመላለስ ከጀመረ በኋላ የተሠራ ቢላ ዘመኑን በራሱ ይናገራል፤ ብረቱም መልካም አረብ ብረት ነው።

እጀታው ሌላ ጉዞ አለው። ቤከር የሰቲትን ገበያ ሲገልጽ የአንድ አውራሪስ ቆዳ ሰባት ጋሻ እንደሚወጣው፣ ያልተሠራው የጋሻ ቆዳም እያንዳንዱ ሁለት ጠገራ ብር ገደማ እንደሚያወጣ ጽፏል። ቀንዱ ደግሞ ወደ ሐበሻ አገር ተወስዶ ለጎራዴ እጀታ ይሸጣል፤ ዋጋው በፓውንድ፣ ማለትም ለግማሽ ኪሎ ገደማ፣ ሁለት ጠገራ ብር። ይህች አንዲት የዋጋ ማስታወሻ ብዙ ታስረዳለች። የጎንደርና የሸዋ መኳንንት በወገባቸው የታጠቁት የአውራሪስ እጀታ ያለው ጎራዴና ሾተል ቀንዱ ከቆላ በነጋዴ እጅ የወጣ ነው። ብረቱ ከባሕር ማዶ ወደ ላይ፣ ቀንዱ ከሰቲት ወደ ደጋ፣ ቡናውና ሰሙ ከደጋ ወደ መተማ፤ ሁሉም አንድ መንገድ ላይ ይተላለፉ ነበር።

አፎቱ ብዙ ጊዜ የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ነው፤ ሱዳኖቹ ዘንድ የአዞና የአርጃኖ ቆዳም ይታከልበታል። ቆዳው የሚለፋው በግራር ፍሬ፣ ሱዳኖቹ «ገረድ» በሚሉት ነው። ከክርን በላይ በግራ ክንድ ላይ የሚታሰርበት ጠፍር ያለው ከሆነ የሱዳን አለባበስ ነው። ወገብ ላይ አግድም የሚታጠቅ፣ ጎንበስ ያለና በሁለት በኩል የሚቆርጥ ከሆነ ወደ አፋር ጊሌ ይጠጋል። ሁለት ቀንድ እንዳለው መስቀለኛ እጀታ ያለው ደግሞ የቤጃ ነው። አንድ ቤተሰብ ከነዚህ የትኛውንም ሊኖረው ይችላል፤ ጎንደሬ አያት የቤጃ ጩቤ ነበራቸው ማለት በከሰላ ወይም በሰዋኪን በኩል ያልፉ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል። ለቤተሰብ ታሪክ ትልቅ ፍንጭ ነው።

ሁሉም ግን በግዢ አልተሻገረም። በ1888 የመሐዲስቶች ጦር ጎንደርን አቃጥሏል፣ ዘርፏል፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ደግሞ መተማ ላይ አፄ ዮሐንስ ወድቀዋል። በነዚያ ዓመታት መሣሪያ በምርኮ ወዲህና ወዲያ ሄዷል። ከመሐዲያ ዘመን የሆኑ አንዳንድ ጩቤዎች ብረታቸው በሙሉ በአሲድ በተጻፈ የዓረብኛ ፊደል የተሸፈነ ነው። በደጋው ደግሞ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ወደ አውሮፓ ታዝዘው የተሠሩ፣ ዘውድ የደፋ አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ ያለባቸው ጎራዴዎች አሉ። የሁለቱም ጽሑፍ ከላዩ ላይ የተፋቀ ስስ ነገር ነው፤ ከወረቀት ውፍረት ብዙም አይበልጥም።

የሚያድሰው እጅ የት ሄደ?

ቢላ በዘመኑ ሲደንዝ ወይም እጀታው ሲላላ ወደ ቀጥቃጭ ይወሰድ ነበር። በጎንደር ዙሪያ ከሚታወቁት ቀጥቃጮች መካከል ቤተ እስራኤሎች ነበሩ፤ ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ መንደር በብረትና በሸክላ ሥራ ትታወቅ ነበር። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጦሩን የሚሠራው እጅ ያ ነው። ባለጎራዴው ሲከበር ጎራዴውን የሠራው ግን «ቡዳ» እየተባለ ሲገፋ ኖሯል። ስለ አያቶቻችን ጀግንነት ስናወራ ይህን መዝለል አይገባም። ብረቱን የሠራው ሰው ስም ከባለቤቱ ስም ጋር ያልተላለፈልን በአጋጣሚ አይደለም።

እነዚህ ቀጥቃጮች በኋላ የሄዱበት መንገድ ደግሞ የእኛው መንገድ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤሎች በእግር ወደ ሱዳን ተሻግረው በገዳሪፍ አካባቢ ባሉ መጠለያዎች ቆዩ፤ በጉዞውና በመጠለያው ብዙ ሰው አለቀ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ድረስ 8,000 የሚሆኑት በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በ1991 ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ተጓጓዙ። ከእነሱ ጋር የሄደው የብረት ዕውቀት ብዙ ነው፤ ጎንደር ላይ በወናፍና በከሰል የሚሠራ፣ ብረቱን በቀለሙ አይቶ ሙቀቱን የሚያውቅ አሮጌ ባለእጅ ማግኘት ዛሬ ቀላል አይደለም።

በሱዳን በኩል የከሰላ ሰይፍና ጩቤ ሠሪዎች እስከ ዘመናችን ደርሰዋል። ኦምዱርማን ሱቅ ውስጥም አፎት የሚሰፉና እጀታ የሚያስተካክሉ ነበሩ፤ የሪያድ ነዋሪ የሚወስደው እዚያ ነበር። ጦርነቱ ያንን ገበያ አቃጥሎታል፣ በትኖታል። ስለዚህ ቢላውን አሁን የሚጠብቀው ባለቤቱ ራሱ ነው። ደግነቱ፣ ለማቆየት የሚያስፈልገው ሥራ ለማደስ ከሚያስፈልገው በጣም ያንሳል።

ግራይንደሩን ተዉት

አሮጌው ብረት የሚቆርጠው ቀጥቃጩ በእሳትና በውኃ ስላጠነከረው ነው። ከተጠነከረ በኋላ እንዳይሰበር እንደገና በመጠኑ ይሞቃል፤ ይህ ማለዘብ ይባል። ያ ሁለተኛው ሙቀት ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ግራይንደር ሲነካው ስሱ ስለት በጥቂት ሰከንድ ከዚያ በላይ ይግላል። ብረቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ብቅ ካለ ጥንካሬው ሄዷል ማለት ነው፤ በመሳል አይመለስም። ማኅተሙ፣ የተፋቀው ጽሑፍና የሞረዱ ጥርስም ከዚያው ጋር ብናኝ ሆነው ይሄዳሉ። የሚያብረቀርቀውን ነገር ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፤ ገበያ ላይ ከሚሸጠው አዲስ ቢላ ግን ምንም አይለየውም።

ዝገትን ለዩ። ቀይና ዱቄት የሚመስለው እየሠራ ያለ ዝገት ነው፤ እሱ መነሳት አለበት። ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ፣ ለስላሳና የተጣበቀው ደግሞ የብረቱ ልብስ ነው፤ ታችኛውን ይጠብቃል፣ አትንኩት። ለቀዩ ዝገት ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጉበትና ለአንድ ቀን ተዉት፤ ከዚያ በጥጥ ጨርቅ ጥረጉ። እንቢ ካለ የሹል እንጨት ጫፍ ወይም የናስ ሳንቲም ጠርዝ ተጠቀሙ፤ ከብረቱ ለስላሳ ስለሆነ አይጭረውም። አንድ ቀን አይበቃም፤ ደጋግሙት። ብርጭቆ ወረቀት፣ የድስት ማጽጃ ሽቦ፣ አሸዋና አመድ አይቅረቡት። ሎሚና ኮምጣጤ ዝገት ያነሳሉ፣ እውነት ነው፤ ጥቁሩንም ልብስ ያነሳሉ፣ ተረፈ አሲዱም ለአዲስ ዝገት በር ይከፍታል።

ብዙ ቤት ውስጥ ቅቤ መቀባት የተለመደ ነው። ለየቀኑ የሚሠራ ቢላ ቅቤው ሳይከርር ስለሚጠረግ ችግር አልነበረበትም። ለዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ ለሚቀመጥ ግን ቅቤ ይኮመጥጣል፣ ብረቱን ይበላል፣ ናስ ካለበትም አረንጓዴ ያወጣበታል። በስሱ የስፌት መኪና ዘይት ይሻላል፤ በወራት አንዴ ይጠረግና ይታደስ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ፤ ቢላውን ከአፎቱ አውጡት። ቆዳው የተለፋበት የግራር ፍሬ ታኒን የሚባል ኮምጣጣ ነገር አለው፤ ቆዳው ደግሞ እርጥበት ይይዛል። ካርቱም በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቢላው አፎቱ ውስጥ እንደተሸጎጠ ሠላሳ ዓመት ሊቆይ ይችል ነበር። ያው ቢላ ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ክረምት ሲያልፍበት በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ከዚያ በፊት ያልዛገውን ይዝጋል። ከሪያድ የወጡት ቢላዎች ድንገት የተበላሹት በመንገድ እንግልት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አገር ስለቀየሩ ነው። ብረቱን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ለብቻው አስቀምጡት፤ አፎቱ ውስጥ ቅርጹን እንዲይዝ ነጭ ወረቀት ሸጉጡበት። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣሉ፤ በሚከደን የላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከቢላው ጋር ብታኖሩት ያገለግላል። በየጊዜው ግን በአዲስ ይቀየር።

የደረቀ አፎትን ውኃ ውስጥ መንከርም ሆነ በዘይት ማራስ ይገድለዋል። እንደተሰነጠቀ ይቀመጥ። የላላ እጀታን በፈጣን ማስቲሽ የሚያጣብቁ አሉ፤ ቀንድ በሙቀትና በእርጥበት ይነፋል፣ ይኮማተራል፣ ማስቲሹ ግን አብሮ አይንቀሳቀስም፤ ውጤቱ ስንጥቅ ነው። እንዳይወልቅ በጥጥ ክር ማሰር ለጊዜው ይበቃል። ቀንዱ ላይ ትንንሽ ጉድጓድና እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ ካያችሁ ነፍሳት ገብተውበታል፤ ከሌላው ዕቃ ወዲያውኑ ለዩት።

የእጀታው ጉዳይ ኤርፖርት ላይ

ይህን ክፍል በተለይ ልጆቻቸው ካናዳ፣ አውስትራሊያና ገልፍ ያሉ ቤተሰቦች ልብ ብለው ያንብቡልኝ። የአውራሪስ ቀንድ ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት ከ1977 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ የአፍሪካ ዝሆን ጥርስም በ1989 ተከለከለ። ሱዳንም ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናቸው። በ1970ዎቹ የመናውያን በነዳጅ አገር ሠርተው ገንዘብ ሲይዙ የጀምቢያ እጀታ ከአውራሪስ ቀንድ ማሠራት በረታ፤ ከምሥራቅ አፍሪካ አውራሪስ ማለቅ ጋር ይህ ገበያ ብዙ ተያይዟል። ዛሬ በሰቲት ዳር አውራሪስ የለም። ኢትዮጵያ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ በአደባባይ ስታቃጥል መልእክቱ ግልጽ ነበር። ጉምሩክ ላይ «የአያቴ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን አያሳልፍም። ከስምምነቱ በፊት የተሠራ መሆኑን የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት ከዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከሌለው ይወረሳል፤ ባለቤቱም ሊከሰስ ይችላል። ከኢትዮጵያ ለማውጣት ደግሞ ቅርስ ሊባል የሚችል ዕቃ የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። የአዞ ቆዳ አፎትም በዚሁ ቁጥጥር ሥር ይወድቃል።

እጀታችሁ ምን እንደሆነ በቤት ውስጥ በመጠኑ መለየት ይቻላል። የአውራሪስ ቀንድ ተጨምቆ የተጣበቀ ፀጉር ይመስላል፤ ርዝመቱን ተከትሎ ጭረት ጭረት፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ነጠብጣብ ነው፤ ስሱ ጠርዝ ላይ ባትሪ ሲበራበት የማር ቀለም ያስተላልፋል። የከብትና የጎሽ ቀንድ እንደ ሽንኩርት ንብርብር ነው። የዝሆን ጥርስ በተቆረጠበት ጫፍ ላይ የሚጠላለፉ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። አጥንት ግን ጥቃቅን ጥቁር ቀዳዳዎች ያሳያል።

እጀታውን አውልቆ ብረቱን ብቻ መላክ እንደ ዘዴ ሲመከር ሰምቻለሁ። ሕግ ፊት ምናልባት ያዋጣ ይሆናል፤ ቢላው ግን እዚያው ያበቃል። የተከለከለ እጀታ ያለው ቢላ ባለበት አገር፣ ከቤተሰቡ ታማኝ ሰው ጋር ቢቀመጥ ይሻላል። ለልጆቹ ፎቶግራፍ ይላክላቸው፤ በሁለቱም ገጽታ፣ ማኅተሙ በቅርብ፣ እጀታው በቅርብ፣ ጎኑ ላይ መጠኑን የሚያሳይ ማስመሪያ ተደርጎ።

ከፎቶው ጋር ወረቀት ይኑር። በሕይወት ያሉ ታላላቆችን ጠይቁና ጻፉ፤ የማን ነበር፣ ከማን ተገዛ ወይም ተማረከ፣ የት ቆላ ታደነበት፣ ምን ታረደበት፣ ማን ሳለው፣ መቼ ካርቱም ገባ፣ መቼ ወጣ። አማርኛውን በአንድ ወገን፣ ዓረብኛውን በሌላው ጻፉት፤ ሪያድ የተወለዱት ልጆች ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያነቡ ብዙ ናቸውና። ቀለሙ እርሳስ ቢሆን እርጥበት አያጠፋውም። ወረቀቱ ከአፎቱ ጋር በጥጥ ክር ይታሰር፤ ፕላስተር ቆዳው ላይ አይለጠፍበት።